ሎርድ ግሪንና የጃንሆይ መዝገብ

የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ ስለ መንግሥታት ዕውቅና በሚያወሳው የዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት፣ ከረጅሙ የመዝገቦች ዝርዝር መካከል አንዱ ዐይኔን ያዘው። በከሳሽ ቦታ «ኃይለ ሥላሴ» ይላል፤ በተከሳሽ ቦታ ደግሞ «ኬብል ኤንድ ዋየርለስ» የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ስም ተጽፏል። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እንደ ማንኛውም ገንዘቡ እንደቀረበት ሰው ለንደን ላይ ክስ መሥርተው እንደነበር እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። መምህራችን ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘግተው አለፉት፤ ጃንሆይ ተረቱ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሳያልቅ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ አወቀ፣ አሉን። የይግባኙን ፍርድ የሰጡት ዳኛ ሰር ዊልፍሪድ ግሪን ይባላሉ። በኋላ ሎርድ የተባሉት እኒህ ሰው ናቸው። እኔም ስማቸውን በቂም መዝግቤ ያዝሁት።

ቂሙ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖረ። ዘንድሮ ግን የእኒህን ዳኛ የሥራ ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬ አነበብሁ፤ ፍርዶቻቸውንም አንድ በአንድ ለማየት ሞከርሁ። ይህን የምጽፈው ያገኘሁት ነገር ቀድሞ ከያዝሁት አሳብ ጋር ስላልገጠመልኝ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልፍሪድ አርተር ግሪን የተወለዱት በ1883 መጨረሻ፣ ኬንት ውስጥ፣ ቤክነም በተባለች ከተማ ነው። በዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ተማሩ፤ ትምህርታቸውም የጥንቱ ግሪክኛና ላቲን ነበር። በ1907 የተመረጡ ሊቃውንት ብቻ በሚገቡበት በኦል ሶልስ ኮሌጅ ባልደረባ ሆኑ፤ በዓመቱ የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዘምተው «ሚሊተሪ ክሮስ» የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ በ1922 የንጉሡ አማካሪ ጠበቃ የሚያሰኘውን ማዕረግ አገኙ፤ በእንግሊዞች አነጋገር «ሐር ለበሱ»፣ ምክንያቱም ማዕረጉን ያገኘ ጠበቃ የሐር ካባ ይለብሳል። ሥራቸው በአብዛኛው የኩባንያ፣ የአደራ ንብረት፣ የኑዛዜና የግብር ክርክር ነበር። በ1925 የኩባንያዎች ሕግ እንዲሻሻል ያጠና የነበረውን ኮሚቴ በሰብሳቢነት መሩ፤ በዚያ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶም በ1929 አዲሱ የኩባንያዎች ሕግ በሥራ ላይ ዋለ።

በእንግሊዝ አንድ ጠበቃ ወደ ዳኝነት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ በዚያ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይደርሳል። ግሪን ይህን ደረጃ ዘለሉት። በ1935 ከጠበቆች ወንበር ተነሥተው በቀጥታ በይግባኝ ሰሚው ችሎት ተቀመጡ፤ የ«ሰር» ማዕረግም ያን ጊዜ ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ሎርድ ራይትን ተክተው «ማስተር ኦፍ ዘ ሮልስ» ሆኑ። ስሙ ሲተረጎም «የጥቅል ብራናዎች አለቃ» እንደማለት ነው። ሹመቱ በጥንት ዘመን የንጉሡን ደብዳቤና ትእዛዝ በብራና ጽፎ፣ ጠቅልሎ፣ በአደራ የሚጠብቅ ሰው ሹመት ነበር፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ማኅተምና ደብዳቤ የሚይዘውን ጸሐፌ ትእዛዝ ያስታውሳል። ዘመን ሲለወጥ ይኸው ሹም የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ችሎት ዋና ዳኛ ሆነ፤ ይሁን እንጂ የመንግሥት መዛግብት ጥበቃም በ1838 በወጣ ሕግ በእጁ ቆይቶ ነበር። ግሪን ሁለቱንም ኃላፊነት ከልባቸው ይዘውታል።

የጃንሆይ ጉዳይ በዚሁ በአዲሱ ወንበራቸው ላይ ሳሉ ደረሰባቸው።

ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ከኬብል ኤንድ ዋየርለስ ጋር በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ለሚተላለፈው የራዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ውል ነበረው። በ1935 አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተጥለቅልቃ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ በእያንዳንዱ ቃል የሚከፈልበት ቴሌግራም ያን ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ይገምታል። በሒሳቡ መሠረት ኩባንያው ለኢትዮጵያ መንግሥት ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚከፈል ዕዳ ነበረበት። በሜይ 1936 ጃንሆይ አገር ለቀው ወጡ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ተቀመጡ። በሰው አገር ብዙ ሰው የሚያስተዳድሩ፣ ገንዘብም የቸገራቸው ስደተኛ ነበሩ። በጃንዋሪ 1937 ይህን ዕዳ ለማስመለስ ክስ መሠረቱ።

ኩባንያው ላይ የቀረበው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ዕዳ አለብህ፣ ክፈል ነው። ነገር ግን የኢጣሊያ መንግሥት በለንደን አምባሳደሩ በኩል «ገንዘቡ የእኔ ነው» አለ፤ ስለዚህ የክርክሩ ፍሬ ነገር ለማን ይከፈል የሚለው ሆነ። የመጀመሪያው ዳኛ ቤኔት ይባላሉ። እርሳቸው በቅድሚያ፣ አንድ ሉዓላዊ መንግሥት ያለ ፈቃዱ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሊዳኝ ስለማይችል፣ የኢጣሊያን ንጉሥ መብት የሚነካ ክስ መስማት አልችልም ብለው መዝገቡን አስቆሙት። ጃንሆይ ይግባኝ አሉ፤ ይግባኙ የቀረበውም በግሪን ፊት ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ይግባኝ በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። ግሪንና ባልደረቦቻቸው የቤኔትን ትእዛዝ ሻሩት። አንድ የውጭ መንግሥት በእጁ ያለ ንብረት ቢነካበት ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ግን ያለው በሌላ ሰው ላይ የሚጠየቅ ዕዳ ነው፣ «የእኔ ነው» ብሎ መናገር ብቻውን የፍርድ ቤትን በር ሊዘጋ አይችልም አሉ። ስለዚህ የጃንሆይ ክስ እንዲሰማ በሩን የከፈቱት እኒያ ቂም የያዝሁባቸው ዳኛ ናቸው። ይህን ባነበብሁበት ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

መዝገቡ ወደ ቤኔት ተመለሰና ዋናው ክርክር ተሰማ። ፍርድ ቤቱ ለእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጥያቄ ጻፈ፤ መልሱም መጣ። መንግሥት ኃይለ ሥላሴን በሕግ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ያውቃቸዋል፤ በሌላ በኩል የኢጣሊያ መንግሥት ከሞላ ጎደል መላውን ኢትዮጵያ በተግባር እንደሚገዛ ያውቃል፣ የሚል ነበር። በሕግ ቋንቋ አንደኛው «ደ ጁሬ»፣ ሁለተኛው «ደ ፋክቶ» ዕውቅና ይባላል። ዳኛ ቤኔት በጁላይ 1938 በሰጡት ፍርድ፣ በአገሩ መሬት ላይ የሚደረገውን ነገር የሚገዛው በተግባር ሥልጣኑን የያዘው ቢሆንም፣ እንግሊዝ ውስጥ የሚጠየቅ ዕዳ ግን በሕግ ሉዓላዊ ሆኖ ከሚታወቀው ሰው እጅ አልወጣም አሉ። ከአንድ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ባንክ ጉዳይ ላይ ዳኛ ክሎሰን የወሰኑት በተቃራኒው ነበርና፣ ይህ ፍርድ ለጃንሆይ ትልቅ ድል ነበር። ኩባንያው ደግሞ በተራው ይግባኝ አለ።

በመሐል ፖለቲካው ሩቅ ሄዷል። በኤፕሪል 1938 የቼምበርሌን መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ሮም ላይ ስምምነት ተፈራርሞ ነበር፤ በውስጡም የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ይዞታ የማወቅ ጉዳይ ነበረበት። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የተከራከረው ኖቬምበር 2 ቀን ነው። የይግባኙ መዝገብ በግሪን ፊት የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነበር። መንግሥት ዕውቅናውን ሊሰጥ መሆኑ ለችሎቱ ተነገረ፤ ችሎቱም ነገሩ እስኪታወቅ ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ኖቬምበር 16፣ በእኛ ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ስምምነቱ ጸና፤ እንግሊዝም የኢጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብላ አወቀች። በወሩ መጨረሻ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አዲስ የምስክር ወረቀት ለፍርድ ቤቱ ደረሰ። ዲሴምበር 6 ቀን ግሪን ፍርዳቸውን አነበቡ።

ፍርዱ አጭር ነው። በዚህ አገር ፍርድ ቤቶች ዘንድ የኢትዮጵያን መንግሥት የሕዝብ ንብረት የሚወርሰው አሁን የኢጣሊያ ንጉሥ መሆኑ አላከራከረም፤ የጃንሆይ ጠበቆችም ከዚያ ወረቀት በኋላ ሊከራከሩበት አልቻሉም። ከባዱ ነገር ወደ ኋላ መሄዱ ነው። የተሰጠው ዕውቅና ከተሰጠበት ቀን አልጀመረም፤ ቢያንስ እስከ ዲሴምበር 1936 ወደ ኋላ ይቆጠራል ተባለ፤ ማለትም እንግሊዝ አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የኢጣሊያን አገዛዝ በተግባር እስካወቀችበት ጊዜ። ክሱ የተመሠረተው በጃንዋሪ 1937 ስለሆነ፣ ጃንሆይ ወደ ፍርድ ቤት ሲመጡ ቀድሞውኑ መብት እንዳልነበራቸው ተቆጠረ። በአንዲት ወረቀት የሁለት ዓመት ክርክር ከሥሩ ተነቀለ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጃንሆይ የተጠሩበት ቃል «የቀድሞው» ማለት ነው፤ ነገር ግን ያው ቃል ለሟችም ያገለግላል። ባዝ ላይ በሕይወት ላሉ ሰው ያን ቃል ሳነብ አሁንም ይከብደኛል።

ግሪን በደሉን? እኔ አሁን ፍርዱን አልነቅፍም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የአንድ አገር ንጉሥ ማነው የሚለውን ለራሱ አይወስንም፤ ጥያቄውን ለመንግሥቱ ያቀርባል፣ መልሱንም እንዳለ ይቀበላል። ዳኛው አንድ ሲል ሚኒስትሩ ሌላ ቢል፣ አገሪቱ ለውጭው ዓለም በሁለት አፍ የምትናገር ትሆናለች የሚል ጽኑ መርሕ አላቸው። ይህ መርሕ በጁላይ ለጃንሆይ ሠርቷል፤ በዲሴምበር ደግሞ ሠራባቸው። በደሉ የተፈጸመው ስምምነቱ በተፈረመበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የቼምበርሌን መንግሥት የአንድ የመንግሥታት ማኅበር አባል አገር መወረርን ለሰላም ብሎ በወረቀት አጸደቀ፤ ሰላሙም ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። እነ አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ቻይናና ኒውዚላንድ ያን ዕውቅና አልሰጡም፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለው አያስኬድም።

የማይዋጥልኝ ቀጠሮው ነው። የይግባኝ ችሎቱ የፍርድ ቀን ላይ ባለው ሁኔታ መፍረድ እንዳለበት እረዳለሁ፤ በዚያን ዕለት ለጃንሆይ ቢፈርዱ ኖሮ ነገሩ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት በይግባኝ ሄዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ በመጣው ዕውቅና ይሻር እንደነበርም ይገባኛል። ቢሆንም መዝገቡ በተከፈተበት ጠዋት፣ በእንግሊዝ ሕግ መሠረት፣ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ማስረጃ አልነበረም። ችሎቱ ያለውን እውነት ትቶ የሚመጣውን ጠበቀ። እዚህ አገር በችሎት አካባቢ የዋለ ሰው ሁሉ፣ በፍርድ ከተሸነፈ ሰው ይልቅ በቀጠሮ የተሸነፈ ሰው ኀዘን እንደሚረዝም ያውቃል። አሁንም ቅሬታዬ ከዚያ አልወጣም፤ ከዳኛው ይልቅ ግን በቀጠሮው ላይ ነው።

የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ካየሁ በኋላ የተረዳሁት፣ ይህ መዝገብ ከሌሎቹ ተለይቶ የወጣ እንዳልሆነ ነው። ግሪን በያዙት ነገር ሁሉ ላይ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ የዳኛ እጅ የት ላይ ያቆማል?

በጁላይ 1941 ባሮን ተባሉ። ሙሉ ስማቸው «በሰሪ ግዛት የሆልምበሪ ሴንት ሜሪ ባሮን ግሪን» ሆነ፤ በሰሪ ኮረብቶች ሥር ቤት የሠሩባት መንደር ስም ናት። ከሁለት ወር ያህል በፊት፣ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ያ የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ሟች የጠራቸው ንጉሠ ነገሥት በድል አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ሁለቱን ቀኖች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ በዘመኑ ያስተዋለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለ ቤታቸው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን በጠበቃነት ዘመናቸው በዚያች መንደር የነበረውን የቀድሞ ሰፊ ቤት አስፈርሰው፣ ኦሊቨር ሂል በተባለው አርክቴክት በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ጆልድዊንድስ» የተባለ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው፣ በዘመኑ እጅግ አዲስ የነበረ ቤት አሠሩ። ቤቱ ውብ ነበር፣ ነገር ግን ለእንግሊዝ ዝናብ አልተመቸም፤ ውኃ ያስገባ፣ ግድግዳውም ይሰነጣጠቅ ነበር። በጥንት ብራና ጥበቃ የተሾመ ሰው ለራሱ ቤት ይህን ያህል ለአዲስ ነገር መድፈሩ ደስ ይለኛል።

ባሮንነታቸው በሎርዶች ምክር ቤት ወንበር አሰጣቸው፤ ዋና ሥራቸው ግን በይግባኝ ችሎቱ ቀጠለ። ጦርነት ነውና ከችሎት ውጭም ይጠሩ ነበር። በ1942 የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች በደመወዝ ሲነሡ፣ መንግሥት ጉዳዩን እንዲያይ የቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ የሾመው እርሳቸውን ነው። በጁን ወር የሰጡት ውሳኔ ለአዋቂ ሠራተኛ በፈረቃ 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ጭማሪ አደረገ፤ ከመሬት በታች ለሚሠራ ሰውም የሳምንቱን ዝቅተኛ ክፍያ በመላ አገሪቱ 83 ሽልንግ አድርጎ ወሰነ። የማዕድን ሠራተኞች ለአገር አቀፍ ዝቅተኛ ክፍያ ለዓመታት ታግለው ነበር፤ ያገኙት ከኦክስፎርድ ሊቅ እጅ ሆነ። ከዚህ ሌላ በቦምብ የሚፈርሱ ታሪካዊ ሕንፃዎች ከመጥፋታቸው በፊት ፎቶግራፋቸው እንዲነሣና እንዲመዘገቡ በ1941 የተቋቋመውን ድርጅት በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በግል ቤቶችና በየአጥቢያው የተበተኑ የታሪክ ወረቀቶች የት እንዳሉ የሚያሳይ ብሔራዊ መዝገብ የተጀመረውም በእርሳቸው ዘመን፣ በ1945 ነው።

ከጦርነቱ ዘመን ፍርዶቻቸው ውስጥ እስከ ዛሬ በየቀኑ የሚጠቀሰው የካርልቶና ጉዳይ ነው። ካርልቶና በምዕራብ ለንደን፣ አክተን ውስጥ፣ የምግብ ፋብሪካ የነበረው ኩባንያ ነው። መንግሥት ፋብሪካውን ለጦርነቱ አገልግሎት ሊወስደው ሲል ደብዳቤውን የፈረመው ሚኒስትሩ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ ባለሥልጣን ነበር። ኩባንያው «ሥልጣኑ የሚኒስትሩ ነው፤ ሚኒስትሩ ራሱ አላሰበበትም» ብሎ ተከራከረ። ግሪን በ1943 የሰጡት መልስ፣ ሚኒስትር ለአንዱ መሥሪያ ቤት በየቀኑ የሚወሰነውን ሁሉ በራሱ ሊያይ አይችልም፤ ኃላፊው የሚሠራው ሥራ በሕግ የሚኒስትሩ ሥራ ነው፤ ያን የመሰለ ከባድ ነገር ለማይገባው ሰው ቢሰጥ ሚኒስትሩ በፓርላማ ፊት ይጠየቅበታል የሚል ነበር። አሁንም በ2020 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰሜን አየርላንዱ ፖለቲከኛ በጄሪ አዳምስ ጉዳይ ላይ ይህንኑ መርሕ መርምሮ፣ ለመታሰራቸው የተሰጠውን ትእዛዝ ሚኒስትሩ በራሳቸው ሊያዩት ይገባ ነበር በማለት፣ በ1970ዎቹ የተፈረደባቸውን ፍርድ ሰርዟል።

በ1944 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በራሱ የቀድሞ ፍርድ እንደሚታሰር፣ ከዚያም የሚወጣባቸው ሦስት ምክንያቶች ብቻ እንዳሉ ወሰኑ። በ1945 ደግሞ በአንድ የፍቺ መዝገብ፣ ምስክሮችን ከጠበቆቹ ይልቅ ራሱ ስለጠየቀ ዳኛ የተናገሩት ቃል አለ። እንዲህ ያለ ዳኛ ወደ መፋለሚያው ሜዳ ይወርዳል፤ በፍልሚያው አቧራም ዐይኑ ሊጋረድ ይችላል ብለዋል። በእኛ የቀድሞ ሙግት፣ በ«ተጠየቅ» ዘመን፣ ተሟጋቾቹ እርስ በርሳቸው በቃልና በቅኔ ሲፋለሙ ዳኛው ጸጥ ብሎ የሚሰማበት ወግ ነበር፤ እንግሊዛዊው ዳኛ ይህን ነገር ቢሰማ ይስማማበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

በዓለም ሁሉ ስማቸውን ያስጠራው ግን የአንድ ሲኒማ ቤት ጉዳይ ነው። ዌንስበሪ በመካከለኛው እንግሊዝ ያለች የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። በ1932 በወጣው ሕግ መሠረት የአካባቢው ምክር ቤት ሲኒማ ቤቶች እሑድ እንዲከፈቱ ሊፈቅድና የመሰለውን ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችል ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ፈቀደ፤ ነገር ግን ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ከወላጁ ጋርም ቢሆን፣ እሑድ እንዳይገባ የሚል ሁኔታ ጨመረ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤቶች ይህ ከምክንያት የወጣ ነው ብለው ከሰሱ። ፍርዱ የተሰጠው በኖቬምበር 1947 ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም ለማየት የፈለገ የ13 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር በር ላይ ሲመለስ ይታየኛል። ግሪን ግን በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ቆመው ትልቁን ድንበር አሰመሩ። ምክር ቤቱ ሊያስብበት የማይገባውን ነገር አስቦ ከሆነ፣ ወይም ሊያስብበት የሚገባውን ትቶ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ይገባበታል። እነዚህን ሁሉ በትክክል አድርጎም ቢሆን፣ ውሳኔው ማስተዋል ያለው ማንኛውም ባለሥልጣን ሊደርስበት ከማይችለው ወሰን ካለፈ፣ ያን ጊዜም ፍርድ ቤት ይሽረዋል። ለምሳሌ ከቀድሞ ፍርድ የጠቀሱት፣ ጸጉሯ ቀይ በመሆኑ ብቻ ከሥራ የተባረረችን መምህርት ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ዳኛው «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም» በሚል ስሜት የሌላውን ውሳኔ በራሱ ሊተካ አይችልም። ለሕፃናት ጠባይ ማሰብ የምክር ቤቱ ጉዳይ ነው ብለው ክሱን ዘጉት።

ብዙ ሊቃውንት ይህ ፍርድ ለባለሥልጣናት እጅግ ገርነት ያሳየ ነው ብለው ወቅሰውታል፤ በኋላ ዘመን የሰብአዊ መብት ክርክሮች ሲበዙ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ከእርሱ የጠበቀ መመዘኛ መጠቀም ጀምረዋል። እኔም በመብት ጉዳይ መመዘኛው ልል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። በሌላ በኩል፣ የእኛ አገር የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶችን ውሳኔ ፍርድ ቤት የሚያይበት በር በሰፊው ተከፍቷልና፣ ዳኞቻችን አንድ ቀን «የእኔ እጅ የት ላይ ያቆማል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የዌንስበሪን ሲኒማ ቤት ማንበብ ይጠቅማቸዋል፤ ተቀብለውትም ሆነ ተከራክረውት።

ግሪን በ1949 ማስተር ኦፍ ዘ ሮልስነቱን ለሰር ሬይመንድ ኤቨርሼድ አስረክበው በሎርዶች ምክር ቤት የይግባኝ ዳኛ ሆኑ፤ በዚያ የቆዩት ግን አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1950 ከሥራ ወጡ፤ በኤፕሪል 1952 አረፉ። ልጅ አልነበራቸውምና ባሮንነቱም አብሯቸው ተዘጋ።

የጃንሆይ መዝገብ ግን አልተዘጋም። በ2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቬኔዝዌላን የወርቅ ክምችት ጉዳይ ሲያይ፣ ከእንግሊዝ ባንክ ግምጃ ቤት ያለውን 31 ቶን ያህል ወርቅ የሚያዝዝ ማነው የሚለው ክርክር የቆመው በዚያው መርሕ ላይ ነበር። አንደኛው ወገን አገሪቱን በተግባር ይገዛ በነበረው በኒኮላስ ማዱሮ፣ ሁለተኛው ፕሬዚዳንቱ እኔ ነኝ ባለው በተቃዋሚው በኹዋን ጓይዶ የተሾሙ ሰዎች ናቸው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ያወቀው ደግሞ ካራካስ ላይ ሥልጣን ያልያዘውን ጓይዶን ነበር። ከዲሴምበር 1938 ጋር ሲተያይ ነገሩ ተገልብጧል፤ ያን ጊዜ ዕውቅናው አገሩን በጉልበት ለያዘው ሄደ፣ አሁን ደግሞ አገሩን ላልያዘው። በሁለቱም ጊዜ ዳኞቹ የመንግሥታቸውን ቃል ተቀብለው ከዚያ ተነሡ። የሁለቱ ወገን ጠበቆችም ከቀድሞ መዝገቦች መካከል ከሰማንያ ዓመት በፊት በዊልፍሪድ ግሪን የተነበበውን ፍርድ አንሥተው ተከራከሩበት፤ በከሳሽ ቦታም አሁንም «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ተጽፎ ይገኛል።